ጢስ ያየ ዓሣ ሁሉ አይቆይም

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ጎረቤቴ ፌስታል አንጠልጥለው ቤቴ መጡ። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ፌስታሉ ውስጥ በጢስ የበሰለ አምባዛ አለ። አፉ በክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ካሰሩት አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። ፍሪጅ አልገባም፤ ቁም ሳጥን ላይ ነው የከረመው።

«ልጄ፣ አንቺ ዓሣ ታውቂያለሽ። ይሄ ነገር ይበላል?» አሉኝ።

«እማማ፣ እንዲህ አድርገው እንዲያስቀምጡት ማን ነገረዎት?» ስላቸው ስልካቸውን አወጡ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸው ጽሑፍ ነው። «የጢስ ዓሣ ፍሪጅ አይፈልግም» ይላል ርዕሱ። እኔም አይቼው ነበር። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ያልላከልኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ዝም ብዬ ነበር። እማማ ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ ግን ዝምታዬ ልክ እንዳልነበረ ገባኝ።

እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ በትንሽ ቤት ዓሣ በጢስ እያበሰልኩ እሸጣለሁ። ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ጸሐፊውን አላውቀውም። ሰውን ለመጉዳት ብሎ እንዳልጻፈው ግን ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ምግብ እንዳይጣል፣ ፍሪጅ የሌለው ቤትም ዓሣ እንዲበላ ነው የፈለገው። ይህን ፍላጎቱን እጋራዋለሁ። ስለዚህ ያለውን ሳላጣምም አስቀምጬ፣ የማልስማማበትን በየተራ እመልሳለሁ።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ጢስ ራሱ ተሕዋስያንን ስለሚገድል፣ ጢስ ያገኘው ዓሣ ሦስት ወር ያለ ፍሪጅ ይቆያል። ትንሽ መሽተት የጀመረ ዓሣ እንኳ ጢስ ውስጥ ከገባ ይመለሳል። አየር እንዳያገኘው በፌስታል ወይም ዘይት ባለበት የብርጭቆ ዕቃ ይታሸግ። ሻጋታ ከወጣበት በጨው ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል። ጥንዚዛ ከገባበት በጨርቅ የተቋጠረ የነቀዝ ክኒን አጠገቡ ይቀመጥ። ፍሪጅና ፍሪዘር ግን ጣዕሙን ስለሚገድሉት ባይገባባቸው ይሻላል።

ትክክለኛ ምክርም አለው። ዓሣው ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይታሸግ ብሏል፤ እውነት ነው። ትኩሱን ያሸጉት ዓሣ ያልበዋል፤ ላቡም ያበላሸዋል። ቀለም የተቀባ ጣውላና ጽድ አታንድዱ ማለቱም ልክ ነው። የጽድ ሙጫ ዓሣውን ያመርረዋል። እኔም የማነደው የግራር እንጨት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

ጢስ ይገድላል ለሚለው ጸሐፊው ያመጣው ምሳሌ እኛው አገር ያለ ነው። በድሬ ዙሪያ ያሉ አርብቶ አደሮች የወተት ዕቃቸውን በጢስ ያጥናሉ። በዚህ ሙቀት የግመል ወተቱ ሳይበላሽ ገበያ ይደርሳል። ዓሣውም እንደዚያው ነው ይላል። ምሳሌው ጥሩ ነው። ግን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ዕቃውን ያጠነችው ሴት ወተቷን የምትሸጠው መቼ ነው? በማለዳ ነው። ሦስት ወር አስቀምጣ አይደለም። ማጠኑ መበላሸቱን ያዘገየዋል፤ አያስቀረውም።

ዓሣ ላይም ያው ነው። ጢስ ውስጥ ፌኖልና ፎርማልዴሃይድ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ተሕዋስያንን ያዳክማሉ፤ ስቡም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛሉ። ይህን አልክድም። ነገር ግን የሚያርፉት ላይ ላዩን ነው። ወፍራም አምባዛ ብትሰነጥቁት ውጪው ቡናማ፣ ውስጡ ነጭ ነው። ጢሱ እዚያ ውስጥ አልደረሰም።

ታዲያ አንዳንዱ የጢስ ዓሣ ወራት የሚቆየው ለምንድን ነው? ውሃው ስለወጣ ነው። ጽሑፉ የዘለለው ትልቁ ነገር ይህ ነው። በጢስ የበሰለ ዓሣና በጢስ የደረቀ ዓሣ አንድ አይደሉም። እንጀራና ድርቆሽ አንድ ናቸው ወይ? ሁለቱም ከአንድ ሊጥ፣ ከአንድ ምጣድ ወጡ። እንጀራው በአራተኛው ቀን ይሻግታል፤ ድርቆሹ ግን ይከርማል። ልዩነቱ ውሃው ነው።

በዚህ ሥራ ከማንም በላይ ልምድ ያላቸው የምዕራብ አፍሪካ ሴቶች ናቸው። ጋና ውስጥ፣ አክራ ከተማ አጠገብ ባለው የዓሣ አስጋሪዎች ሰፈር ስም የሚጠራው የቾርኮር ምድጃ ከነሱ ጋር የተሠራ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ስለዚህ ምድጃ ሲያስተምር ሁለቱን ዓሦች በግልጽ ይለያቸዋል። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ጢስ ላይ የቆየው ዓሣ ከ40 እስከ 55 በመቶ ውሃ ይቀረዋል። የሚቆየው ከ1 እስከ 3 ቀን ነው። ከ10 እስከ 18 ሰዓት፣ አንዳንዴም ለቀናት ጢስ ላይ የከረመው ግን የሚቀረው ውሃ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። እሱ በደንብ ከተያዘ ከ6 እስከ 9 ወር ይቆያል። ጢሱ ያው ነው። እንጨቱም ያው ሊሆን ይችላል። አንዱ ግን የሚቆጠረው በቀን ነው፤ ሌላው በወር።

ጸሐፊው በጋምቤላና በጣና ዳር ያሉ ሰዎች ያለ ፍሪጅ ዓሣ ያከርማሉ ይላል። ልክ ነው። የሚያከርሙት ግን እንደ ቋንጣ የደረቀውን ነው። ሲቆርሱት ቀጭ የሚለውን። እኛ ድሬ ላይ ገዝተን በእንጀራና በሚጥሚጣ የምንበላው ለስላሳ፣ ጭማቂ ያለው ዓሣ ሌላ ነገር ነው። የአንዱን ዕድሜ ወስዶ ለሌላው መስጠት አይቻልም።

ዓሣው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሚዛን ይበቃል። ሆድ ዕቃው የወጣ አንድ ኪሎ ቆሮሶ ጢስ ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ውሃ ነው። ሲወጣ ግማሽ ኪሎ ከመዘነ፣ ከቀረው ውስጥ ግማሽ ያህሉ አሁንም ውሃ ነው። የበሰለ ዓሣ ነውና እንደ ወጥ ያዙት። ወደ ሩብ ኪሎ ገደማ ከወረደ ግን ደርቋል። ሚዛን ለሌለው ደግሞ እጅ አለ። ከጀርባው ወፍራሙን ቦታ ጫን አድርጉት። ከሰመጠ አልደረቀም።

የድሬን ሙቀት በተመለከተ አንድ ነገር ልመርቅለት። አየራችን ደረቅ ነው። ለማድረቅ ከባሕር ዳር ከተሞች እኛ እንሻላለን። ነገር ግን ያልደረቀ ዓሣ ላይ ያው ሙቀት ጠላት ይሆናል። በሁዳዴ ወራት ድሬ ቀን ቀን ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ቁም ሳጥን ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

መሽተት የጀመረ ዓሣ በጢስ ይመለሳል የተባለው እኛን ከሁሉ በላይ ይመለከተናል። ድሬ ሐይቅ የላትም። እኔ የምቀበለው ዓሣ ከዝዋይ ወይም ከአርባ ምንጭ በበረዶ ተጭኖ የሚመጣ ነው። አንዳንዴ በጅቡቲ በኩል የባሕር ዓሣ አገኛለሁ። መንገድ ላይ በረዶው ካለቀ፣ ዓሣው እጄ ሲገባ ግማሽ መንገድ ተበላሽቷል ማለት ነው። ጢስ ሽታውን ይሸፍነዋል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። አፍንጫችን የሚያስጠነቅቀንን ነገር በገዛ እጃችን ደበቅነው እንጂ ብልሽቱን አላወጣነውም።

የባሕር ዓሣ ላይ ደግሞ የባሰ አለ። ቱናና ማኬሬል ያለ በረዶ ሲውሉ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። ጢስ አያጠፋውም። መጥበስ አያጠፋውም። ፍሪዘርም አያጠፋውም። የበላው ሰው ብዙ ጊዜ ሰዓት ሳይሞላ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ ይመታል። ሰዎች «ዓሣ አይስማማኝም» ይላሉ። አንዳንድ ጊዜ ግን ያልተስማማቸው ዓሣነቱ ሳይሆን አያያዙ ነው። እኔ ጉንጩ ውስጥ ቀይ ያልሆነ፣ ዓይኑ የሰመጠ ዓሣ ከመጣልኝ ለጢስ ብዬም አልቀበልም። ገንዘቡ ያማል። ቢሆንም አልቀበልም።

ቀጥሎ ያለው ምክር እንቅልፍ የነሳኝ ነው። አየር አሳጥቶ ማሸግ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አየር ከሌለ ሻጋታ አይወጣም። ዝንብ አይደርስበትም። ስቡም ቶሎ አይበላሽም። ሦስቱም እውነት ናቸው። አየር ሲጠፋ የሚመቸው ግን ሌላ አለ። ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ አፈር ውስጥና ሐይቅ ሥር ባለ ጭቃ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ዓሣ ላይ መገኘቱ አያስገርምም። ዘሩ በተራ ማብሰልም፣ በጢስ ሙቀትም አይሞትም። አየር በሌለበት፣ እርጥበት ባለበት፣ በሚሞቅ ቦታ ሲያገኘው ይነቃል፤ መርዝም ይሠራል። በክር የታሰረ ፌስታል፣ ውስጡ ለስላሳ ዓሣ፣ ቦታው ቁም ሳጥን። የሚፈልገውን ሁሉ አሟልተን ሰጠነው።

ዘይት ውስጥ መድፈቁም ያው ነው። ዘይት አየር ይከለክላል እንጂ ባክቴሪያውን አይገድልም።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1963 አሜሪካ ውስጥ ከታላላቆቹ ሐይቆች የተያዘና በጢስ የበሰለ ዓሣ፣ አየር በሌለው ላስቲክ ታሽጎ ተሸጠ። በበቂ አልቀዘቀዘም ነበር። የበሉት ሰዎች በዚሁ መርዝ ታመሙ፤ የሞቱም አሉ። ያ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ የታሸገ ነው። የእኛ ፌስታል ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ የታሰረ ነው።

መርዙ አይሸትም፤ ጣዕምም የለውም። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል ባለው ይመጣል። ዓይን ሁለት ሁለት ያያል። የዓይን ቆብ ይወርዳል። ምላስ ይተሳሰራል፤ መዋጥ ያቅታል። ከዚያ ድካሙ ወደ ደረትና ወደ መተንፈሻ ይወርዳል። ይህን ያየ ሰው ነገ እስኪነጋ አይጠብቅ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፤ ምን እንደበላም ይናገር።

«እንግዲያውስ ቀቅለን እንብላው» የሚል ይኖራል። መርዙ ራሱ በሙቀት ይፈርሳል፤ እስከ ውስጡ ድረስ ከ85 ዲግሪ በላይ ለ5 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሞቀ ማለት ነው። ግን የጢስ ዓሣ ማን ይቀቅላል? ቆርሰን ነው የምንበላው። ቢበዛ ምጣድ ላይ እናሳየዋለን። ሕይወትን በዚህ ላይ መጣል አይገባም።

አየር ማሳጣት ሁሌም ክፉ ነው አላልኩም። እንደ ቋንጣ የደረቀውን አጥብቆ ማሸግ ይቻላል። ውሃ ከሌለ ባክቴሪያውም አይነቃም። ለስላሳውም ቢሆን ፍሪዘር የሚገባ ከሆነ አየር በሌለው ላስቲክ መጠቅለሉ ጥሩ ነው። ክልክሉ ለስላሳውን አሽጎ ሙቀት ላይ መተው ነው።

ስለ ሻጋታ ብዙ አልልም። ለስላሳ ዓሣ ላይ ሻጋታ ከታየ ሥሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል። እሱን ማጠብም፣ ማስጣትም፣ መቀቀልም አያስወግደውም። በርበሬና ለውዝ ላይ የምንፈራውን ዓሣ ላይ መናቅ ምን ማለት ነው? የሻገተ ይጣል። ጨው የሚጠቅመው ቀድሞ ነው። ዓሣው ጢስ ከማግኘቱ በፊት ጨው ውሃ ውስጥ ቢቆይ ጨው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ውሃ ይወጣል። ከሻገተ በኋላ የሚነሰነስ ጨው ግን ለዓይን ብቻ ነው።

የነቀዝ ክኒኑ ጉዳይ ላይ ጸሐፊውን አጥብቄ እለምነዋለሁ። ሌላውን ሁሉ ይተወውና ይህችን መስመር ያውጣት።

ችግሩን አውቀዋለሁ። የደረቀ ዓሣ ጠላቱ ጥንዚዛ ነው። የሚበላው ደግሞ እጩ፣ ማለትም ትሉ ነው፤ ቡናማ፣ ጠጉራም፣ ሥጋውን እየቦረቦረ የሚሄድ። ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት አንድ ጆንያ ሙሉ የደረቀ ቆሮሶ ጓዳዬ ውስጥ፣ መሬት ላይ አስቀምጬ ነበር። በሐምሌ ዝናብ ዓሣው እርጥበት ሳበ። በነሐሴ ስከፍተው ከታች ያለው አጥንትና ዱቄት ሆኗል። አለቀስኩ። የሁለት ሳምንት ሥራዬ ነበር። ስለዚህ «አንድ ክኒን ብጥልበትስ?» የሚለውን ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ግን ክኒኑ ምንድን ነው? አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዙን ብቻ መርጦ አይገድልም። የሚተነፍስን ሁሉ ይገድላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ለእህል መጋዘን ተብሎ ሲሠራበት እንኳ ሰው የማያድርበት ቤት ይፈለጋል። በሥራው የሠለጠነ ሰው ያሽገዋል፤ ተከፍቶም እስኪናፈስ ይጠበቃል። እኛ ቤት ጓዳውና መኝታው የሚለየው በመጋረጃ ነው። እዚያ ልጆች ይተኛሉ። የጋዙ ሽታ ደግሞ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይመስላል። ዓሣ ባለበት ጓዳ ያ ሽታ ቢመጣ ማን ይጠረጥራል?

ለጥንዚዛ ያለ መርዝ መፍትሔ አለው። እኔ ከዚያ ክረምት በኋላ የማደርገውን ልንገራችሁ። ዓሣውን ጨው አጥግቤ አደርቀዋለሁ፤ ጨው የበዛበትን ዝንብም ጥንዚዛም አይወዱትም። ጆንያውን ትቻለሁ። ወንፊት ሽቦ በተለበጠበት ሳጥን አስገብቼ ቆጥ ላይ አወጣዋለሁ። መሬትም ግድግዳም አይነካም። በየሁለት ሳምንቱ አውጥቼ አየዋለሁ። በክረምትና በበልግ ዝናብ ወቅት በየሳምንቱ። ለስለስ ያለ ወይም ዱቄት የታየበት ካለ ለይቼ መልሼ ምድጃ ላይ አወጣዋለሁ። በደንብ የጋለ ምድጃ እጩንም እንቁላሉንም ይገድላል፤ የሳበውንም እርጥበት ያወጣል። ፍሪዘር ያለው ሰው ደግሞ ለጥቂት ቀናት እዚያ ቢያሳድረው እጩንና እንቁላሉን ይገድልለታል።

የመጨረሻው ፍሪጅ ነው። ጣዕም ይገድላል የተባለው ግማሽ እውነት አለው። ሳይጠቀለል ፍሪዘር የገባ አምባዛ ይደርቃል፤ ስቡም ውሎ አድሮ ይበላሻል። ተጠቅልሎ ከገባ ግን ሁለት ወር ያህል ጣዕሙ ደህና ነው። እኔ ለደንበኞቼ የምላቸው ይህን ነው። ለስላሳውን በገዛችሁበት ቀን ፍሪጅ አስገቡት። ከ4 ዲግሪ በታች ይሁን። በወረቀት ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት፤ ከጥሬ ሥጋም ይለይ። በአራት በአምስት ቀን ብሉት፤ ካልሆነ ፍሪዘር ይግባ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ደግሞ እስከ ውስጡ በደንብ አሙቃችሁ ስጧት። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም ቀስ ብሎ ይራባል። ለእሷም ለፅንሱም ክፉ ነው።

«መብራት ይጠፋል እኮ» ይላል ጸሐፊው። አዎ፣ ይጠፋል። በዚህ አልከራከረውም። ከጽሑፉ ሁሉ በጣም የተሰማኝ ይህ ነው፤ ድሬ ውስጥ ፍሪጅ የሌለው ቤት ብዙ ነው። በሩ ሳይከፈት ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር እስከ 2 ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በድሬ ሙቀት ግን ከዚያ ቀንሳችሁ ቁጠሩ። ፍሪጅ ለሌለው ሰው መልሱ ለስላሳውን ዓሣ ማሰር አይደለም። ለዕለቱ የሚበቃውን መግዛት ነው፤ ወይም ከመነሻው የደረቀውን መግዛት። የደረቀውን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ ወጥ መሥራት ይቻላል። እንደ ቋንጣ ፍርፍርም ይሆናል። እኔ ጋ ሁለቱም አለ። ዋጋቸውም ስማቸውም ይለያል።

እማማ ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው ሰሙኝ። «አቦ፣ ሽታው ግን ምንም አይልም እኮ» አሉኝ በመጨረሻ። እውነታቸውን ነው፤ ምንም አይልም ነበር። ፌስታሉን ሳልፈታው በሌላ ፌስታል ደረብኩበት። የሰፈር ድመት እንዳያገኘው ጓሮ ውስጥ ጠለቅ አድርገን ቀበርነው። ለማግስቱ ምሳ የሚሆናቸው ሁለት ቆሮሶ፣ በዚያው ማታ ከምድጃ የወጣ፣ በወረቀት ጠቅልዬ አዘጋጀሁላቸው። የኔ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረንላቸው ጠዋት መጥተው ወሰዱ።